ስለ ውቅያኖስ ጥበቃ በማኅበራዊ ሚዲያ ግንዛቤ ማስጨበጥ፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በ2015 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮስታ ሪካ ባሕር ላይ ጥናት ያደርጉ የነበሩ ተመራማሪዎች በአንድ የባሕር ኤሊ አፍንጫ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር አዩ። መጀመሪያ ትል መስሏቸው ነበር፤ በጉጠት ይዘው ሲስቡት ግን የፕላስቲክ ስትሮ ሆኖ ተገኘ። ኤሊው እየደማ ስትሮው ሲወጣለት የሚያሳየውና ስምንት ደቂቃ ያህል የሚወስደው ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ሰዎች ደረሰ። በጀልባ ላይ፣ በሥራ መሀል የተቀረጸ እንጂ ለዘመቻ ተብሎ የተዘጋጀ ቪዲዮ አልነበረም። ያም ሆኖ በቀጣዮቹ ዓመታት ስለ ስትሮ በተነሣው ክርክር ሁሉ እየተደጋገመ ተጠቀሰ፤ አንዳንድ ከተሞች ስትሮን የሚያግዱ ደንቦች አወጡ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2021 ጀምሮ የፕላስቲክ ስትሮ ለገበያ እንዳይቀርብ ከለከለ።

ይህ ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ውቅያኖስ ጥበቃ መናገር ለሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ስለ «ባሕር ብክለት» በጥቅሉ ሲነገረው ሰምቶ የሚያልፍ ሰው፣ አንድ እንስሳ፣ በየቀኑ በእጁ የሚይዘው አንድ ዕቃና እርሱ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር በአንድነት ሲቀርቡለት ቆም ብሎ ያስባል። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ፣ ስትሮ ወደ ባሕር ከሚገባው ፕላስቲክ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ሆኖ ሳለ፣ ስትሮ መጠቀም በማቆማቸው ብቻ ድርሻቸውን የተወጡ መስሏቸው እዚያው የቀሩ ሰዎች ጥቂት አለመሆናቸው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ከመለጠፍዎ በፊት ተመልካቹ ቀጥሎ ምን እንዲያውቅና ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ መወሰን ይኖርብዎታል።

ርእስዎን ያጥብቡ

ውቅያኖስ ከምድር ገጽ 71 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል፤ የተጋረጡበት ችግሮችም እንደ ስፋቱ ብዙ ናቸው። በአንድ ገጽ ላይ ዛሬ ስለ ሻርክ፣ ነገ ስለ ፕላስቲክ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ውኃው መሞቅ የሚለጥፍ ሰው ተከታዮቹ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይሰማሉ እንጂ አንዱንም ጠልቀው አይረዱም። ስለዚህ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዙ። ሌላው ሁሉ አንገብጋቢ ሆኖ እየታየ በአንዱ ላይ መጽናት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ገጾች ሰሚ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩን ሲመርጡ ክብደቱን ብቻ አይመልከቱ። እርስዎ ራስዎ ደጋግመው ሊያዩት፣ ሊቀርጹት ወይም ባለሙያ ሊጠይቁበት የሚችሉት ነው ወይ? ተመልካቾችዎስ በአቅማቸው ሊያደርጉበት የሚችሉት ነገር አለ ወይ? ዓሣ አዘውትረው ለሚገዙ ሰዎች የሚናገሩ ከሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከሚገመገሙት የባሕር ዓሣ ክምችቶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት መልሰው ሊተኩ ከሚችሉት በላይ እንደሚጠመዱ በመንገር ይጀምሩና፣ ገዢው ዓሣው ከየት እንደመጣና በምን ዘዴ እንደተጠመደ ሻጩን እንዲጠይቅ ወደ ማበረታታት ይሂዱ።

ከባሕር ርቀው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ እርስዎን እንደማይመለከት አያስቡ። መንገድ ላይ የተጣለ ቆሻሻ በጎርፍ ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ ባሕር ይጓዛል። የሲጋራ ማጣሪያን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሲያዩት ጥጥ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ሴሉሎስ አሲቴት ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ላይ በጎ ፈቃደኞች የሚሰበስቡትን ቆሻሻ በዓይነት እየለዩ ይቆጥራሉ፤ በዚህ ቆጠራም የሲጋራ ቁራጭ ለብዙ ዓመታት በብዛት ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል። እግረኛ መንገድ ላይ ከወደቀ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ተነሥቶ ጉዞውን በአራት አጫጭር ቪዲዮዎች እስከ ባሕር የሚከተል ሰው፣ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ተመልካች እንኳ ነገሩን ከደጁ ያደርሰዋል።

ከመለጠፍዎ በፊት ያጣሩ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሳይጣራ በችኮላ የተለጠፈ መረጃ በሌላ ቀን ገጹን ያዋርዳል። በተለይ ስለ ባሕር የሚነገሩ ነገሮች አብዛኛው ሰው ሄዶ ሊያያቸው የማይችላቸው ስለሆኑ፣ አንባቢው ያለው ዋስትና የእርስዎ ታማኝነት ብቻ ነው። በዚህ ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ መልካም አስበው የተነሡ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው።

በሰሜን ፓስፊክ የሚገኘውን የቆሻሻ ክምችት ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ «ሰው ሊቆምበት የሚችል የፕላስቲክ ደሴት» ተደርጎ ይቀርባል፤ አብሮት የሚለጠፈው ፎቶም ከወደብ ወይም ከወንዝ ላይ የተነሣ ሆኖ ይገኛል። እውነታው ፕላስቲኩ በጣም ሰፊ በሆነ ውኃ ላይ የተበተነ መሆኑ ነው። በቁጥር ሲታይ አብዛኛው ረቂቅ ስብርባሪ ነው፤ በክብደት ሲታይ ግን በ2018 የታተመ ጥናት እንደገመተው 46 በመቶ ያህሉ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ነው። እውነቱ ከተረቱ ይልቅ ለሥራዎ እንደሚጠቅም ልብ ይበሉ። ደሴት ነው ቢባል «ለምን በመርከብ ጭነው አያነሡትም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ የተበተነ ስብርባሪና የተጣለ መረብ መሆኑ ሲነገር ግን ውይይቱ ፕላስቲክ ከምንጩ ስለሚገታበትና መረቦች ከነባለቤታቸው ስለሚመዘገቡበት መንገድ ይሆናል።

ሌላው አደጋ ጊዜው ያለፈበት ቁጥር ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በወንዞች ወደ ባሕር ከሚገባው ፕላስቲክ አብዛኛው ከ10 ወንዞች እንደሚመጣ ገምቶ ነበር፤ ቁጥሩ ለመያዝ ቀላል ስለሆነ በፍጥነት ተሠራጨ። በ2021 የታተመ ሰፋ ያለ ጥናት ግን 80 በመቶውን የሚያስገቡት ወንዞች ከ1,000 በላይ እንደሆኑ አሳየ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአንባቢው ትልቅ ትርጉም አለው። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ችግሩን ሩቅ አገር ላሉ ጥቂት ወንዞች ጥሎ ይቀመጣል፤ ሁለተኛውን ያነበበ ግን በአጠገቡ የሚፈሰውን ወንዝ ዞር ብሎ ያያል።

እውነት ሆነው ሳለ በአነጋገር የሚዛቡ ነገሮችም አሉ። «ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሹን የሚሰጠን ባሕር ነው» የሚለው አባባል ከእነዚህ አንዱ ነው። በምድር ላይ በፎቶሲንተሲስ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን የሚያመርቱት ፋይቶፕላንክተን የተባሉ ረቂቅ ተንሳፋፊ ፍጥረታትና ሌሎች የባሕር ፍጥረታት መሆናቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህን ኦክስጅን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚጠቀሙበት እዚያው ባሕር ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት ናቸው። የባሕርን ጥቅም ለማስረዳት የግድ በዚህ አባባል መደገፍ አያስፈልግም። የሰው ልጅ በለቀቃቸው ጋዞች ምክንያት ምድር ላይ ከተከማቸው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን የያዘው ውቅያኖስ መሆኑን መናገር በቂ ነው፤ ይህ የማያከራክር እውነት ነው።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲያገኙ ያገኙበትን ልጥፍ ሳይሆን መነሻ ጥናቱን ይፈልጉ፤ የታተመበትን ዓመት፣ የተለካው በቁጥር ይሁን በክብደት፣ ልኬት ይሁን ግምት ይለዩ። ፎቶ ከሆነ በጉግል ሌንስ ወይም ተመሳሳይ ምስል በሚፈልግ ሌላ መሣሪያ መጀመሪያ የታየበትን ቦታና ጊዜ ያጣሩ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ የዓሣ ነባሪና የኤሊ ምስሎች ከእውነተኞቹ ለመለየት እያስቸገሩ ስለሆነ፣ ማን እንዳነሣው ያላወቁትን ምስል አይጠቀሙ። ተሳስተው ከሆነ ደግሞ ልጥፉን በዝምታ አያጥፉት፤ ስህተቱንና ትክክለኛውን መረጃ በዚያው ቦታ በግልጽ ይጻፉ። ተከታዮች በዚህ ምክንያት ገጹን ትተው ይሄዳሉ ብሎ መፍራት ተገቢ አይመስለኝም።

ሳይንሱን አንባቢው በሚያውቀው ቃል ያስረዱ

ስለ ባሕር የሚነገሩ ብዙ ቃላት ለአንባቢው እንግዳ ናቸው። ቃሉን አውጥቶ መጣል ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን ሂደት ቀስ ብሎ መተረክ ያስፈልጋል። «የኮራል መንጣት» የሚለውን ብቻ የጻፈ ሰው ገና አላስረዳም። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ይመግቡታል፤ አብዛኛውንም ቀለሙን የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። ውኃው ከለመደው በላይ ሲሞቅና ሙቀቱ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ አልጌዎቹን ከሰውነቱ ያስወጣል፤ ያን ጊዜ ነጭ አጥንቱ በስስ ገላው ውስጥ አልፎ ይታያል። የነጣ ኮራል የተራበ እንጂ ገና የሞተ አይደለም፤ ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ሊያገግም ይችላል። ይህን የተረዳ ተመልካች፣ በ2024 ሳይንቲስቶች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሠቱን ሲያስታውቁ ምን ማለታቸው እንደነበረ ይገባዋል፤ ከውቅያኖስ ወለል ከ1 በመቶ በታች የሚሸፍኑት የኮራል ሪፎች (ኮራሎች ተያይዘው የሚገነቧቸው የባሕር ውስጥ ክምሮች) ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉን የሚያስጠልሉ መሆናቸው ሲነገረውም ጉዳቱን ራሱ ያሰላዋል።

አቀራረቡን በተመለከተ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ላንሣ። በአጭር ቪዲዮ ላይ ዋናውን ነገር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ያሳዩ፤ የገጽዎን ዓርማና ሰላምታ ለኋላ ያቆዩ። ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ስለሚያይ የሚነገረውን በጽሑፍ ከሥር ያስገቡ፤ ይህ መስማት ለተሳናቸው ሰዎችም በር ይከፍታል። ፎቶ ሲለጥፉ በምስሉ ላይ ምን እንደሚታይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ማየት የተሳናቸው ተከታዮች ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ የስልካቸው መተግበሪያ አማካይነት ይሰሙታል። ትልልቅ ቁጥሮችን አይደርድሩ፤ በአንድ ልጥፍ አንድ ቁጥር ይበቃል።

ተስፋውንም ያሳዩ

በ2016 አንድ የውጭ አገር መጽሔት በአውስትራሊያ የሚገኘው ታላቁ የኮራል ሪፍ «እንደሞተ» አድርጎ በዜና ዕረፍት መልክ ያቀረበው ጽሑፍ በማኅበራዊ ሚዲያ እጅግ ተሠራጭቶ ነበር። ሪፉ በዚያ ዓመት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ አልሞተም ግን። የዘርፉ ሳይንቲስቶች ወዲያውኑ የተቃወሙት ጽሑፉ አሳዛኝ ስለሆነባቸው ሳይሆን፣ ሞቷል ለተባለ ነገር ማንም እንደማይደክምለት ስላወቁ ነው። ሐዘንና ቁጣ ሰውን ለአንድ ቀን ይቀሰቅሳሉ፤ በየቀኑ ሲደጋገሙ ግን ተመልካቹ ፊቱን ያዞራል።

የተሳካ ጥበቃ ደግሞ በእርግጥ አለ። በሜክሲኮ ካቦ ፑልሞ በተባለ ሥፍራ፣ ኑሯቸው በዓሣ ማጥመድ ላይ የተመሠረተ ቤተሰቦች ባሕራቸው እንዲጠበቅ ጠይቀው በ1995 ፓርክ ሆነ፤ ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዓመታትም በዚያ ያለው የዓሣ ጠቅላላ ክብደት ከ460 በመቶ በላይ ጨመረ። በምዕራብ ደቡብ አትላንቲክ የሚኖሩት ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች በአደን ምክንያት ወደ ጥቂት መቶዎች ወርደው ነበር፤ አደኑ ከቆመ በኋላ ቁጥራቸው ወደ 25,000 ገደማ መመለሱን በ2019 የታተመ ጥናት ገምቷል። እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ሲያቀርቡ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንዳደረገና ስንት ዓመት እንደፈጀ ይተርኩ፤ ተመልካቹ የሚማረው ከዚያ ነው። በ2014 የባሕር ሳይንቲስቶች «ኦሽን ኦፕቲሚዝም» የተሰኘውን ሃሽታግ የጀመሩትም እንዲህ ያሉ የተሳኩ ሥራዎች በአንድ ቦታ እንዲገኙ ነው፤ ለእርስዎም ጥሩ የመረጃ ምንጭ ይሆናል። ችግሩን መደበቅ ግን አይደለም፤ የኮራሉን መንጣት የሚናገር ልጥፍ እንዳለ ሁሉ የካቦ ፑልሞንም የሚናገር ይኑር ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ

«ውቅያኖስን እንጠብቅ» የሚል መልእክት ማንንም ምንም እንዲያደርግ አይጠይቅም። በእያንዳንዱ ልጥፍ መጨረሻ ላይ ተመልካቹ በዚያው ሳምንት ሊፈጽመው የሚችለው አንድ ነገር ይኑር፦ የሲጋራ ቁራጭ መያዣ በሥራ ቦታው እንዲቀመጥ መጠየቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ዳር በሚደረግ ጽዳት ላይ መገኘት፣ ለሕዝብ ተወካዩ ደብዳቤ መጻፍ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና፣ የጽዳት ጥሪ ሲያቀርቡ ሥራውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው ያሳዩ፤ የተሰበሰበውንም በዓይነት አስቆጥረው ውጤቱን በማግሥቱ ይለጥፉ። የተቆጠረ ቆሻሻ ለአካባቢው ባለሥልጣን ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ይሆናል፤ ያልተቆጠረ ግን ከፎቶ አያልፍም።

ሁሉንም ሸክም በግለሰቦች ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። የዓሣ ማጥመጃ ኮታ፣ የማሸጊያ ሕግና የተጠበቁ የባሕር ክልሎች የሚወሰኑት በመንግሥታትና በኩባንያዎች ስለሆነ፣ ሕዝብ የሚወሰነውን ነገር እንዲያውቅ ማድረግም የእርስዎ ሥራ ነው። ለምሳሌ መንግሥታት በ2022 ማብቂያ በሞንትሪያል ባደረጉት ጉባኤ እስከ 2030 ድረስ ከምድር የብስና ባሕር 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ከየአገሩ የባሕር ክልል ውጭ ላለው ውኃ የተዘጋጀው ስምምነትም በ2023 ጸድቆ በ2026 መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሏል። አገራቸው እነዚህን ስምምነቶች ተቀብላ እንደሆነና ምን እንደሠራች ተከታዮችዎ እንዲጠይቁ ያግዟቸው።

ጉዳት እንዳያደርሱ ይጠንቀቁ

ለጥበቃ የተነሣ ልጥፍ ራሱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበትን ወይም ብርቅ ፍጥረት የሚገኝበትን ሥፍራ ትክክለኛ አድራሻ አይግለጹ፤ የስልክዎ ካሜራ የቦታ መረጃን በፎቶው ላይ እንዳይመዘግብ አስቀድመው ይዝጉት። ሰው እንስሳውን ይዞ፣ ነክቶ ወይም ከውኃ አውጥቶ የተነሣውን ፎቶ ከማጋራት ይቆጠቡ፤ ያየው ሁሉ እንዲሁ ሊያደርግ ይመኛልና። ሌሊት ወደ ባሕር ዳር በወጣች ኤሊ ላይ የካሜራ ብልጭታ መጠቀም እንቁላሏን ሳትጥል እንድትመለስ ሊያደርጋት ይችላል። ሆን ተብሎ አደጋ ውስጥ የገባ እንስሳ «ሲድን» የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም እየበዙ ስለሆነ፣ ካሜራው ከአደጋው በፊት እንዴት እዚያ እንደተገኘ ይጠይቁ። ሕገወጥ ዓሣ ማጥመድ ካዩ ደግሞ የሰዎቹን ፊት ለሕዝብ ከማሳየት ይልቅ ማስረጃውን ለሚመለከተው አካል ያቅርቡ፤ በዕለት ጉርስ የሚኖር አጥማጅ በሐሰት ተጠርጥሮ ስሙ ከጠፋ በኋላ የሚመልስለት የለም።

ከተከታዮችዎ ጋር ይዝለቁ

በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ወንዙ ወደ ወደቡ በሚገባበት ቦታ ላይ በ2014 የቆመ ቆሻሻ ሰብሳቢ መሣሪያ አለ። በውኃ ኃይልና በፀሐይ ብርሃን ይሠራል። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተገጥመውለት «ሚስተር ትራሽ ዊል» የሚል ስም ወጣለት፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹም በራሱ አፍ እንደሚናገር ሆኖ ከሕዝቡ ጋር ይነጋገራል። ሰዎች የወደዱት ዓይኖቹ ስላሳቋቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ለጠየቁት ይመልስላቸዋል፣ የሰበሰበውን ቆሻሻም በየጊዜው ይነግራቸዋል። እርስዎም ከለጠፉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ገጹ ላይ ይቆዩና ለአስተያየቶች መልስ ይስጡ። በቅንነት የሚጠራጠር ሰው መረጃ ይገባዋል፤ ሊሳደብ ብቻ ለመጣ ግን ጊዜ አያባክኑ። ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ካለ የቀጣዩ ልጥፍ ርእስ እርሱ ይሁን።

ስለ ጊዜ አመራረጥ ብዙ አይጨነቁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳያቋርጡ መለጠፍ ለአንድ ወር በየቀኑ ለጥፎ ከመጥፋት ይሻላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2008 የወሰነው የዓለም ውቅያኖስ ቀን በየዓመቱ ጁን 8፣ ማለትም ሰኔ 1 ቀን ስለሚውል፣ ትልቁን ሥራዎን ለዚያ ሳምንት ያዘጋጁ፤ በዕለቱ ግን ብዙዎች ስለሚለጥፉ ድምፅዎ እንዳይዋጥ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመው ይጀምሩ።

ውጤቱን ሲለኩ የላይክ ብዛት አያታልልዎ። ስንት ሰው ልጥፉን ለሌላ ላከው? ስንቱ አስቀመጠው? ስንቱ የጠየቁትን አንድ ነገር ፈጽሞ መልሶ ነገረዎት? በየሦስት ወሩ ለተከታዮችዎ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን ያቅርቡ፤ የነጣ ኮራል ሞቷል ወይ፣ የሲጋራ ማጣሪያ ከምን ይሠራል የሚሉትን የመሰሉ። መልሶቻቸውን ከቀድሞዎቹ ጋር ሲያስተያዩ የትኛው ትምህርት እንደደረሰና የትኛው እንደገና መነገር እንዳለበት ያያሉ። የመረጃ ምንጮችዎን፣ ያልተቆራረጡ ቪዲዮዎችዎንና የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሌላ የሚያምኑት ሰው አብሮዎት እንዲሠራ ከመጀመሪያው ያድርጉ፤ እርስዎ ቢታመሙ ወይም ሥራ ቢበዛብዎ ሰኔ 1 ቀን ሲደርስ ገጹ ዝም እንዳይል።